የእናቴ ፍሪጅ፣ ጥቁሯ ዕቃ እና በላይዋ የቀረው «22»

የእናቴ ፍሪጅ ሥራ ያቆመው አንድ ሐሙስ ማታ፣ መብራት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሌሊቱን ማንም ልብ አላለውም፤ በሩ ሲከፈት የውስጥ አምፖሉ እንደ ወትሮው ስለሚበራ እማዬም እኅቴም ደህና ነው ብለው ተኙ። ዓርብ ጠዋት ግን ከፍሪዘሩ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ ታየ፤ ለእሑድ የተቀመጠው ሥጋም ሲነካ ለስልሶ ተገኘ። እማዬ «ልጄ፣ ይሄ ነገር የሞተ መሰለኝ፤ ሥጋውን ጎረቤት ወስጄ አስቀምጫለሁ፣ አንተ ግን ቶሎ ና» ብላ ደወለችልኝ።

እንደ ደረስሁ ጆሮዬን ከፍሪጁ ኋላ አስጠግቼ አዳመጥሁ። ለአምስት ወይም ለስድስት ሰከንድ ያህል የታፈነ ጉምጉምታ ይሰማል፤ ከዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይከተልና ጸጥ ይላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ያው ጉምጉምታ ይመለሳል፤ ያው «ቀጭ» ይደገማል። እጄን ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር ያለበት ዕቃ ላይ ሳሳርፍ ያቃጥላል፤ ከኋላ የተዘረጋው ጥቁር ፍርግርግ ግን እንደ ሌሊት ብረት ቀዝቅዟል። ፍሪጅ ሲሠራ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዚያ ፍርግርግ ስለሆነ፣ ሞተሩ ግሎ ፍርግርጉ መቀዝቀዙ ሞተሩ ይሞክራል እንጂ አይነሣም ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ድምፁን ብቻ ነው።

የሰፈሩ ጠጋኝ ከሰዓት በኋላ መጣ። እሱም አዳመጠ፣ ኮምፕሬሰሩን በመዳፉ ነካ አደረገና «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ መቀየር ነው፣ ከዚያ ጋዝ መሞላት አለበት» አለ። የነገረን ዋጋ እማዬን ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሰውየውን ልወቅሰው አልፈልግም። ደንበኛ ለትንሽ ዕቃ ትንሽ ዋጋ መክፈል ስለሚወድና የእውቀትን ዋጋ ስለማይቆጥር፣ ጠጋኙም ትልቁን ዕቃ መቀየርን ይለምዳል። ያስከፋኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ ሲፈርድ ቦርሳው ውስጥ የነበረውን ቴስተር አላወጣም። ሳይለካ የተሰጠ ፍርድ ስለነበረ «እስከ ሰኞ እናስብበት» ብዬ ሸኘሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሶኬቱን ነቅዬ ፍሪጁን ከግድግዳው አራቅሁት። ኮምፕሬሰሩ ከሥር የተቀመጠው ጥቁር ድስት መሳይ ነገር ነው። በጎኑ በኩል በአንዲት የሽቦ መቆንጠጫ የተያዘ የፕላስቲክ ክዳን አለው፤ ቀጭን ካቻቢቴ ከሥሯ አስገብቼ ብድግ ሳደርጋት ክዳኑ እጄ ላይ ቀረ። ከውስጡ ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ታዩኝ። አንዷ ክብ ናት፤ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ታህላለች። ሁለተኛዋ አራት ማዕዘን፣ ጥቁር፣ ከክብሪት ቤት ትንሽ የምታንስ ስትሆን በኮምፕሬሰሩ ላይ በቀጥታ ተሰክታለች። ሽቦዎቹን ከመንካቴ በፊት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አነሣሁ፤ ከዚያ ዕቃዋን በቀስታ ወደ ራሴ ሳብሁ፤ ጠንከር ብላ ወጣች። አፍንጫዬን ሳስጠጋ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ጆሮዬ አጠገብ ሳነቃንቃት እንደ ጸናጽል ተንሿሿች። በጎኗ ላይ ታትሞ የነበረው ጽሑፍ በሙቀት ጠፍቶ የቀረው «22» የሚል ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከኋላው የተፋቀ ምልክት አለ፣ ምን እንደነበር አይነበብም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህችን ዕቃ ስም ያወጡት መላእክት ግን ብዙ ነበሩ። ፎቶዋን በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ብለቅ አጎቴ «ቴርሞስታት ነው» አለ፤ አንዱ ዘመዳችን «ፊውዝ ነው፣ አልፈህ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘው» ብሎ ጻፈ። ይህን ምክር የሚያነብ ሰው ካለ፣ እባካችሁ በፍጹም አታድርጉት፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ በጣም በቀና ልብ «የፍሪጁን የሞዴል ቁጥር ላክልኝ፤ እዚህ ቁጥሩን ስታስገባ የዕቃዎቹ ሁሉ ሥዕል ከነቁጥራቸው ይወጣልሃል» አለኝ። የሞዴሉ ቁጥር ከአትክልት መሳቢያው ጎን በተለጠፈች ወረቀት ላይ ነበር፤ ላክሁለት። ሁለት ሰዓት ያህል ፈልጎ ምንም እንዳላገኘ ነገረኝ።

በኋላ ስረዳው ፍለጋችን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። በፍሪጁ በር ላይ የተጻፈው ስም ሣጥኑን የገጣጠመው ድርጅት ስም ነው፤ ኮምፕሬሰሩን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሌላ ፋብሪካ ነው፤ አንዱ የኮምፕሬሰር ዓይነት ብዙ ስም ባላቸው ፍሪጆች ውስጥ ይገባል። እኔ የያዝኋት ዕቃ የሣጥኑ ሳትሆን የኮምፕሬሰሩ ናት። ስለዚህ መነበብ የነበረበት ወረቀት በኮምፕሬሰሩ ትከሻ ላይ የተለጠፈው ነው፤ እሱም በአቧራ ተሸፍኖ ነበርና በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ከሥሩ የኮምፕሬሰሩ መለያ ቁጥር፣ 220-240 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ፣ የጋዙ ዓይነት አር600ኤ፣ አጠገቡም ነበልባል የተሣለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ወጣ። ፍሪጁን ሳይሆን ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ብጀምር ኖሮ አንድ ቀን ባተረፍሁ።

ስሙ የማይታወቅን ዕቃ ለመለየት የረዳኝ ግን ወረቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ሽቦዎቹን ተከትሎ «ይህች ዕቃ ከማን ተቀብላ ለማን ትሰጣለች?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ከኮምፕሬሰሩ ጎን ሦስት የብረት እግሮች በሦስት ማዕዘን ተቀምጠው ይወጣሉ። ክቧ ዕቃ በአንደኛው ላይ ብቻ ተሰክታለች፤ ከግድግዳው ከሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ በእሷ በኩል ያልፋል። ጥቁሯ ዕቃ ደግሞ የቀሩትን ሁለት እግሮች በአንድነት ይዛለች፤ ሁለተኛው ሽቦ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ስለዚህ ጥቁሯ ዕቃ አንዱን ኤሌክትሪክ ተቀብላ ለሁለት ታካፍላለች ማለት ነው። ለምን ለሁለት?

በኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ ያለው ሞተር ሁለት የመዳብ ጥቅልል አለው። አንደኛው ሞተሩ እስከሠራ ድረስ የሚሠራው ዋናው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሞተሩን ከቆመበት ለማስነሣት ብቻ የሚያገለግለው ረዳቱ ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ ባለ አንድ ፌዝ ስለሆነ ዋናው ጥቅልል ብቻውን የቆመን ሞተር ሊያዞረው አይችልም፤ ወዲህና ወዲያ ይንጠዋል፣ ሞተሩም ባለበት ይጎመጉማል። ረዳቱ ባትሪዋ የደከመባትን መኪና ገፍተው እንደሚያስነሡ የሰፈር ልጆች ነው፤ ሞተሩ እስኪነሣ፣ ይኸውም ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ፣ ገፍቶ መልቀቅ አለበት። ካልገፋ ሞተሩ አይነሣም፤ ካልለቀቀ ደግሞ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ይቃጠላል። ጥቁሯ ዕቃ «ግፉ» እና «ልቀቁ» የምትለው ናት። «ሽቦውን በቀጥታ አገናኘው» የሚለውን ምክር አትስሙ ያልሁትም ለዚህ ነው፤ በቀጥታ የተገናኘ ረዳት ሞተሩን ያስነሣል፣ ከዚያ ግን የሚያስቆመው ስለሌለ ራሱን ጠብሶ ጤነኛውን ሞተር ጠጋኙ እንዳለው የተቃጠለ ያደርገዋል።

ይህን ሥራ ያለ ምንም ተንቀሳቃሽ አካል የምትሠራበት መንገድ በጣም ደስ የሚል ነው። በውስጧ ከባሪየም ታይታኔት የተሠራች፣ ሃምሳ ሳንቲም የምታህል የሸክላ ክብ አለች። ይህች ሸክላ ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ታሳልፋለች፤ ስትግል ግን የመከላከል አቅሟ በብዙ ሺህ እጥፍ ያድግና በሩን ትዘጋለች። ፍሪጁ ሲነሣ ቀዝቃዛ ስለሆነች ለረዳቱ ጥቅልል ኤሌክትሪኩን ትለቅለታለች፤ በዚያው ቅጽበት የሚያልፍባት ኤሌክትሪክ ራሷን ያግላትና ትዘጋለች። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ በውስጧ የምታልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንደጋለች፣ በሩንም እንደዘጋች ታቆያታለች። ይህ ባሕርይዋ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ፒቲሲ ይባላል፤ መርካቶ ውስጥ ግን እሷም፣ ከእሷ በፊት የነበረችው ባለ ጥቅልል ማስነሻም በጅምላ «ሪሌ» ነው የሚባሉት። ክቧ ዕቃ «ኦቨርሎድ» ትባላለች፤ በውስጧ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ስስ ሳህን አለ፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ ሳህኑ በሙቀት ተገልብጦ «ቀጭ» ብሎ መስመሩን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የሰማሁት ድምፅ የእሷ ነበር። ጥፋተኛዋ እሷ መስላኝ ነበር፤ ለካ ሌሊቱን ሙሉ ሞተሩን ከቃጠሎ ስትጠብቅ ያደረችው እሷ ናት።

የሐሙስ ማታው ነገርም አሁን ገባኝ። መብራት ሄዶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሲመለስ ሸክላዋ ገና እንደጋለች ናት፤ በሩ ዝግ ነው፣ ረዳቱ አይገፋም። በዚያ ላይ ኮምፕሬሰሩ የጨመቀው ጋዝ ገና አልረገበም፤ ሞተሩ ጭነት ተሸክሞ ነው ለመነሣት የሚሞክረው። ዋናው ጥቅልል ለብቻው ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይጎመጉማል፤ ኦቨርሎዷም ትቆርጣለች። ሸክላዋ እስክትቀዘቅዝና ጋዙ እስኪረጋጋ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል፤ ሰዎች «ፍሪጅ ጋርድ» እያሉ የሚገዙት ዕቃ መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቀው በዚሁ ምክንያት ነው። እማዬ ጋርድ ነበራት፤ እኅቴ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ነቅላው ፍሪጁን በዲቫይደር ሰክታው ነበር። ይህን ስናገር እኅቴ ክፍሉን ለቃ ወጣች።

ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ግን ሞተሩ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ነበረብኝ። የተዋስሁትን ቴስተር ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅም በሚለካበት በኦም ላይ አድርጌ ሦስቱን እግሮች ሁለት ሁለት እያደረግሁ ለካሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች 14 ሰጡኝ፤ ሁለተኛዎቹ 21፤ ሦስተኛዎቹ 35። አሥራ አራትና ሃያ አንድ ሲደመሩ ሠላሳ አምስት ይሆናሉ፤ እንደዚህ መሆንም አለበት፤ ምክንያቱም ትልቁ ቁጥር የሚገኘው ሁለቱን ጥቅልሎች በተርታ ሲያቋርጡ ነው። ትልቁን ቁጥር ከሰጡት ሁለት እግሮች ውጭ የቀረው ሦስተኛው እግር የጋራው ነው፤ ከጋራው ጋር ሲለካ አነስተኛውን የሰጠው የዋናው ጥቅልል፣ ከፍ ያለውን የሰጠው የረዳቱ ነው። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በኮምፕሬሰሩ ቀለም በተፋቀ ብረት ላይ፣ ሌላውን በየተራ በሦስቱ እግሮች ላይ አሳረፍሁ፤ ምንም አላለም፤ ጥቅልሉ ከብረቱ ጋር አልተነካካም። ደምሩ ትክክል ሆኖ ሲወጣ የተሰማኝ ደስታ ከሒሳብ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም። ኦቨርሎዷን ስለካት ወደ ዜሮ ተጠጋች፤ ደህና ናት። ጥቁሯን ስለካት ቴስተሩ መስመር የለም አለ፤ ነቅነቅ ሳደርጋት 300 አለ፤ መልሼ ስነቀንቃት እንደገና ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ልትጠገን የማትችል ስለሆነች ከፈትኋት። ሁለቱ የፕላስቲክ ግማሾች በጥርስ ነው የተያያዙት፤ በካቻቢቴ ስፈለቅቃቸው ሸክላዋ ከሦስት ተሰብራ መዳፌ ላይ ወደቀች። ሁለት ፊቷ እንደ መስታወት ጀርባ ብርማ ቀለም የተቀባ ሲሆን በአንደኛው ጠርዝ በኩል ብሩ ተልጦ ጥቁር ጠባሳ ነበረው። ከሁለት ወገን ጨብጠው ይይዟት የነበሩት የብረት ምላሶች አንዱ በሙቀት ላልቶ ወደ ኋላ ተኝቷል። ጸናጽሉ እነዚህ ስብርባሪዎች ነበሩ።

አሁን የቀረው «22» ነበር። እኔ ከመጀመሪያው «220 ቮልት» ከሚለው ጽሑፍ ዜሮዋ ተፍቃ የቀረ ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ ስለዚህ ምንም ትርጉም አልሰጠሁትም። ነገር ግን የሸክላዋን ሥራ ከተረዳሁ በኋላ በዕቃዋ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ዋና ቁጥር ቀዝቃዛ ስትሆን ያላት ኦም እንደሆነ ግልጽ ሆነልኝ፤ ከቁጥሩ ኋላ የተፋቀው ምልክትም በማጉያ ሳየው የፈረስ ጫማ ቅርጽ የነበረው የኦም ምልክት እግር ነበር። ሃያ ሁለት ኦም። ለቤት ፍሪጅ የሚሆኑት እንደ ኮምፕሬሰሩ 15፣ 22፣ 33 እያሉ ይለያያሉ፤ የእኔ ግምት ሳይሆን ዕቃዋ ራሷ መስክራለች።

ሰኞ መርካቶ ሄድሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ምናለሽ ተራ ነው፤ ከተነቀሉ ማሽኖች የወጣ ዕቃ በኪሎ በሚደራረብበት ቦታ የሚፈለግ ነገር አይጠፋም የሚል እምነት ስለነበረኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሻጭ የእኔን ዕቃ ተቀብለው አገላበጡና ከጆንያቸው ውስጥ ቁርጥ እሷን የመሰለች አወጡልኝ። መልኳ፣ ቀዳዳዎቿ፣ መጠኗ አንድ ነው። «ያችው ናት፣ ልጄ፤ ውሰዳት» አሉኝ። ጎኗን ሳነብ «4አር7» የሚል ተጽፎባታል። በእንደዚህ ዓይነት ዕቃዎች ላይ በቁጥር መካከል የሚገባው ፊደል የነጥብ ምትክ ነው፤ ነጥብ ቶሎ ስለሚፋቅ ነው ፊደል የሚያስገቡት፤ ስለዚህ የዕቃዋ ልክ 4.7 ኦም ነው። እንዲህ ያለችው በአሜሪካ ቤቶች እንዳለው ላነሰ ቮልቴጅ የተሠራች ናት፤ አንድ ሰው ከውጭ ያስመጣው ባለ 110 ፍሪጅ እዚህ ሲሞት አካሉ በጆንያ እዚህ ደርሷል። በእኛ 220 ቮልት ላይ ብትገባ ለረዳቱ ጥቅልል ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ትለቅበት ነበር፤ ራሷም ቮልቴጁን ሳትችል ልትሰነጠቅ ትችል ነበር። «ጋሼ፣ የእኔ ሃያ ሁለት ነው፤ ይቺ ደግሞ አምስት አትሞላም» ስላቸው ሳቁና «ታዲያ የምትፈልገውን እያወቅህ ምን ልትጠይቀኝ መጣህ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

አዲስ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ስገባ ልጁ ፎቶዬን እንኳ አላየም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ ባለ ስንት እግር ናት፣ ኮምፕሬሰሩ የስንት ፈረስ ጉልበት ነው፣ ጋዙ ምንድን ነው። የመጀመሪያውን ዕቃዋን አሳይቼ መለስሁ። ለሁለተኛው የኮምፕሬሰሩን ወረቀት ፎቶ አሳየሁት፤ መለያ ቁጥሩን አይቶ ራሱ አወቀው። ሦስተኛውን ሲጠይቀኝ ለምን እንደሚያስፈልገው ጠየቅሁ፤ ምክንያቱም ማስነሻዋ ጋዙን አትነካውም። «አር600ኤ ከሆነ የድሮዋን ባለ ጥቅልል ሪሌ አልሰጥህም፤ ብልጭታ አላት» አለኝ። እውነቱን ነው። አር600ኤ የሚባለው አይሶቡቴን ነው፤ የላይተር ጋዝ ዘመድ ነው፤ በፍሪጁ ውስጥ ያለው በዐሥሮች የሚቆጠር ግራም ብቻ ቢሆንም ካፈሰሰ ሊቀጣጠል ይችላል። የድሮዋ ሪሌ በተነሣች ቁጥር ብረት ከብረት ስለምታላቅቅ ብልጭታ ታወጣለች፤ ሸክላዋ ግን የሚላቀቅ ነገር ስለሌላት አታወጣም። ነበልባል የተሣለበትን ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያየ ሰው ማስነሻ መቀየር ይችላል፤ የጋዙን ቧንቧ መቁረጥና መበየድ ግን ሙያው ላለው ሰው መተው አለበት።

ልጁ ያወጣልኝን ዕቃ ካርቶኑ ላይ ተማምኜ አልተቀበልሁም፤ ቴስተሬን አውጥቼ እዚያው ባንኮው ላይ ለካሁት፤ 23.6 አለ። ከሃያ ሁለት ትንሽ ከፍ ብሏል፤ እንደዚህ ዓይነት ሸክላ ከተጻፈበት ቁጥር ሃያ በመቶ ያህል ወዲህና ወዲያ ማለቱ የተለመደ ነው። ኦቨርሎዷ ደህና ብትሆንም ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ስትቆርጥና ስትቀጥል ስለከረመች አብሬ አዲስ ገዛሁ፤ ይህችኛዋ ከኮምፕሬሰሩ ጉልበት ጋር ካልተመጣጠነች ወይ ያለ ምክንያት ትቆርጣለች ወይ ሞተሩ ሲቃጠል ዝም ብላ ታያለች፤ ልጁም በመለያ ቁጥሩ መርጦ ሰጠኝ። የሁለቱ ድምር ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ በታች ነበር።

ቤት ስመለስ መግጠሙ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ትንሽ ያዘገየኝ በጥቁሯ ዕቃ ላይ ይገባ የነበረው የሽቦ ጫፍ ነው፤ ስሰካው ያለ ምንም ትግል ገባ፤ ልል ነበር። ልል የሆነ ጫፍ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ዕቃዋ ይተላለፋል። የቀድሞዋን ምላስ ያላላው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ጫፉን በፒንሳ ቀስ ብዬ ጨመቅ አደረግሁት፤ ደግሜ ስሰካው ለመግባት አንገራገረ፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ጥቁሯን በሁለቱ እግሮች ላይ፣ ክቧን በጋራው እግር ላይ ሰካሁ፤ ከፎቶዎቹ ጋር አመሳከርሁ፤ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ ከብረቱ ጋር በብሎኑ መያዙን በጣቴ አረጋገጥሁ፤ ክዳኑን መልሼ የሽቦ መቆንጠጫዋን «ጠቅ» አደረግሁ። ክዳኑን ሳይመልሱ ለመሞከር የሚቸኩሉ አሉ፤ እዚያ ውስጥ ያልተሸፈነ 220 ቮልት ስላለ እኔ አላደርገውም።

ፍሪጁን በጋርዱ በኩል ሰካነው። ጋርዱ ቀይ መብራቱን አብርቶ መቁጠር ጀመረ፤ እማዬ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እኅቴ በሩ ላይ ቆመች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አረንጓዴው በራ። አንዴ ጉምጉም አለ፤ ከዚያ ጉምጉምታው ወደ ለስላሳ ንዝረት ተለወጠ፤ «ቀጭ»ን ስንጠብቅ አልመጣም። እኔ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ፍርግርጉን ያዝሁ፤ ላዩ ቀስ በቀስ ለብ ማለት ጀመረ። እማዬ ግን ፍርግርግ የሚባል ማስረጃ አልተቀበለችም፤ አንድ ሲኒ ውሃ ሞልታ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠችና «ይሄ በረዶ ሲሆን ነው የማምነው» አለች።

እሷ እስክታምን ድረስ በነጭ ፕላስተር ላይ «ማስነሻ 22 ኦም፣ ከኦቨርሎዱ ጋር የተቀየረ» ብዬ ጽፌ ቀኑን አክዬ በኮምፕሬሰሩ ወረቀት አጠገብ ለጠፍሁት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሲኒውን አወጣችው፤ ገለበጠችው፤ ምንም አልፈሰሰም። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ሥጋውን ለማምጣት ወደ ጎረቤት ሄደች።